ዓይን ነው የሚያድነው፦ የጣና ውሃ መጥራትና ዓሣ በል ዓሦቹ

(ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ባለ አንድ አዳራሽ ለዓሣ አጥማጆች፣ ለተማሪዎችና ለጀልባ ነጂዎች ያደረግሁት ንግግር፤ በኋላ ራሴ ጽፌው ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ከፊት የተቀመጣችሁት አባቶቼ መረብ ጥላችሁ እንደመጣችሁ፣ ጎህ ሳይቀድም ለማንሳት እንደምትነሱ አውቃለሁ። አላስመሽም።

የፖለቲካ ሰዎች አንዲት አባባል ይወዳሉ፤ «በደፈረሰ ውሃ ዓሣ ማጥመድ»። ሰውን ለመወንጀል ነው የሚጠቀሙባት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን ይህችን አባባል እንደ ስድብ የሚቆጥራት ሰው ያለ አይመስለኝም። መረብ የሚጥል ሰው ውሃ ሲደፈርስለት ደስ ይለዋል፤ ዓሣው ክሩን አያይምና። ውሃው ሲጠራ፣ በዚያ ላይ ጨረቃዋ ሙሉ ስትሆን፣ ዓሣው መረቡ ጋ ደርሶ ይመለሳል፤ እናንተም ባዶ ጀልባ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ዛሬ የመጣሁት ስለ ሌላ አጥማጅ ላወራ ነው። እሱ መረብ የለውም፣ መንጠቆ የለውም፣ መንጋጋው ላይ ጥርስ እንኳን የለውም። ያለው ሁለት ዓይን ነው። ውሃ ሲደፈርስ እናንተ ታተርፋላችሁ፤ እሱ ይከስራል።

አስቀድሜ ስለ አንድ ቃል። አማርኛችን «የውሃ ጥራት» ሲል ሁለት ነገር በአንድ ከረጢት ይከታል፤ ንጽሕናንም፣ ጥርት ብሎ መታየትንም። ሁለቱ ግን አይተካኩም። እንደ መስታወት የጠራ የጉድጓድ ውሃ በሽታ ሊይዝ ይችላል፤ ቡና የመሰለ የወንዝ ውሃ ደግሞ ጭቃ ብቻ ሊሆን ይችላል። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ መጥራት ብቻ ነው። ብርሃን ምን ያህል ያልፋል? ዓይን ምን ያህል ርቀት ያያል? ውሃው ይጠጣል ወይስ አይጠጣም የሚለውን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ።

ይህን በእጄ የያዝኩትን አይታችሁ የድስት ክዳን ነው ያላችሁ ካላችሁ፣ ልክ ናችሁ፤ የድስት ክዳን ነው። አራት ቦታ ከፍዬ ሁለቱን ነጭ፣ ሁለቱን ጥቁር ቀባሁት። መሐሉን በስቼ ገመድ አሰርሁበት፣ ከሥሩ ድንጋይ አንጠለጠልሁ፣ ገመዱን በየ10 ሳንቲሜትሩ ቋጠርሁት። የሐይቅ ተመራማሪዎች በመላው ዓለም ይዘውት የሚዞሩት መሣሪያ ከዚህ ብዙም አይለይም። የሐሳቡ ባለቤት ፒየትሮ አንጀሎ ሴኪ የተባሉ ጣሊያናዊ ካህንና የሥነ ፈለክ ሊቅ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1865 በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ከጳጳሱ መርከብ ነጭ ሳህን እያወረዱ የባሕሩን መጥራት ለኩ። ከዋክብትን ሲመለከት የኖረ ሰው ፊቱን ወደ ታች አዙሮ ሳህን ሲያወርድ በዓይነ ሕሊናዬ ይታየኛል፤ ደስ ይለኛል።

አለካኩ ቀላል ነው። በጀልባው ጥላ በኩል ታወርዱታላችሁ። ዓይናችሁ ሲያጣው የገመዱን ቋጠሮ ትይዛላችሁ፤ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ዳግመኛ ብቅ ሲል ደግሞ ትይዛላችሁ። የሁለቱ አማካይ የዚያ ቀን ቁጥር ነው። የፀሐይ መነጽር ያደረገ ሰው አይለካም።

ጣና እንደ ሰፌድ ነው፤ ሰፊና ጠፍጣፋ። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። ታንጋኒካ ሐይቅ ላይ እንዲህ ያለ ክዳን በመልካም ቀን እስከ 20 ሜትር ድረስ ይታያል። የጣና ውሃ እንደ ታንጋኒካ ቢጠራ ኖሮ ከክብራን ገብርኤል እስከ ጎርጎራ ድረስ በጀልባ ስትሄዱ ከሥራችሁ ወለሉን እያያችሁ ነበር የምትሄዱት። እውነታው ግን ሌላ ነው። ክዳኔ ጥሩ በሚባል ቀን እንኳን ሁለት ሜትር ሳይሞላ ይጠፋብኛል። በነሐሴ ጉማራ ወንዝ አፍ ላይ ደግሞ ክዳን ማውረዱ ትርፍ ድካም ነው፤ እጄን እስከ ክርኔ ስከት ጣቶቼን አላያቸውም።

ይህ ለዓሣ ምን ማለት ነው? ሊማሊሞን በጉም የወረደ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ጉሙ ሲወርድ ሾፌሩ ረጅም መብራት ቢያበራ ይብስበታል፤ ብርሃኑ በጉሙ ጠብታዎች እየተበተነ ይመለስበትና ፊቱ ላይ ነጭ ግድግዳ ይቆማል። ገደሉን አያይም፤ ከፊቱ የሚመጣውን አውቶቡስ አያይም። አሁን ከጎኑ ያለውን ረዳት ተመልከቱት። ረዳቱ ብሩን ይቆጥራል፣ መልስ ይሰጣል፣ ቲኬት ይጽፋል። ጉሙ ለእሱ ምንም አላደረገውም፤ ሥራው ያለው እጁ ላይ ነውና። አንድ ጉም፣ አንድ መኪና፣ ሁለት ሰው፤ አንዱ ታውሯል፣ ሌላው ሥራውን ይሠራል።

በድፍርስ ሐይቅ ውስጥም ሾፌርና ረዳት አሉ። በዓይን በጭንቅ የሚታዩ የውሃ ነፍሳትን እየለቀመ የሚበላ ትንሽ ዓሣ ረዳቱ ነው። ምግቡን የሚያየው ድሮም ከስንዝር ባነሰ ርቀት ነው፤ ውሃው ቢጠራለትም ያንን ቅንጣት ከዚያ ርቆ አያየውም። ዓሣ የሚበላ ዓሣ ግን ሾፌር ነው። ሲሳዩን ከሩቅ አይቶ፣ አነጣጥሮ፣ ተወርውሮ ነው የሚይዘው። ስለዚህ የደለል መጠን በጥቂቱ ሲጨምር ሁለቱ እኩል አይጎዱም።

ሒሳቡን ላሳያችሁ፤ አትፍሩ፣ አጭር ነው። ውሃው በአንድ ስንዝር ከምስሉ ጉልህነት ግማሹን ይበላል እንበል። አንድ ስንዝር ላይ ያለ ነገር ግማሽ ጉልህነት ይዞ ይታያል። ሁለት ስንዝር ላይ ሩብ። ሦስት ላይ ስምንተኛ። አሥር ስንዝር ላይ ከ1,000 አንድ እጅ ገደማ ብቻ ይቀራል፤ ይህ ለዓይን የለም ማለት ነው። ድፍርሱ ጉልህነቱን በየስንዝሩ እኩል እየቀነሰ ሳይሆን በየስንዝሩ የቀረውን እያጋመሰ ነው የሚቀጣው። ከዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ጨምሩበት። አዳኝ ዓሣ እየዋኘ የሚፈትሸው ውሃ በዙሪያው እንደ ቧንቧ ነው። የሚያይበት ርቀት በግማሽ ቢያጥር የቧንቧው አፍ በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይጠባል። ትናንት የፈተሸውን ያህል ውሃ ዛሬ ለመፈተሽ አራት እጥፍ መንገድ መዋኘት አለበት፤ መዋኘት ደግሞ በነጻ አይደለም፣ ስብ ያቃጥላል።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ታዳኙስ? እሱም አዳኙን አያየውም እኮ» አለኝ። ልክ ነው። በጠራ ውሃ ትልቁ ዓሣ ትልቅ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል፤ ትንሹ ቀድሞ ያየዋል፣ ያመልጣል። በድፍርስ ውሃ ይህ ብልጫው ይጠፋበታል፤ ሁለቱም እንደ ሁለት ዕውር ድንገት ይጋጫሉ። ስለዚህ ትንንሽ ዓሦች በድፍርስ ውሃ ፍርሃታቸው ይቀንሳል፤ በጠራ ቀን የማይደፍሩት ቦታ ወጥተው ሲበሉ ይገኛሉ። አዳኙም መምረጥ ይተዋል፤ የሰባውን ከከሳው፣ ትልቁን ከትንሹ የሚለይበት ጊዜ የለውም፤ አፉ ላይ የደረሰውን ይወስዳል። በተናጠል ግጭቱ አዳኙ ሊያሸንፍ ይችላል፤ ችግሩ ግጭቱ ራሱ እየጠፋ መምጣቱ ነው።

አሁን ወደ እኛው ሐይቅ ልመለስ። ላወራበት የመጣሁት ይህን ነው፤ ቀሪው መንደርደሪያ ነበር።

እናንተ «ነጭ ዓሣ» ብላችሁ በአንድ ስም የምትጠሩት፣ የዓሣ ሊቃውንት ላቤዮባርበስ የሚሉት ወገን በጣና ውስጥ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህ ስምንቱ ዓሣ በሎች ናቸው። ይህ እንዴት ያለ ጉድ እንደሆነ ለማስረዳት ቃል ያጥረኛል። ይህ የዓሣ ቤተሰብ በዓለም ላይ በአብዛኛው ጭቃ የሚምግ፣ ሣርና ነፍሳት የሚለቅም ቤተሰብ ነው። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው፣ እዚያም ያለው ቀዳዳ ጠባብ ነው። እንዲህ ያለ ፍጥረት አዳኝ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ የለም፤ ድድ ብቻ ይዞ አንበሳ መሆን ነው። ሆነ እንጂ! የቻለው ጢስ እሳት ስለጠበቀው ነው። ፏፏቴው 40 ሜትር ገደማ ቁመት አለው። በናይል ታችኛው ክፍል ያሉት ባለጥርስ አዳኞች፣ ናይል ፐርችን የመሰሉት፣ ያንን ግድግዳ ወጥተው ጣና መግባት አልቻሉም። በጫሞ ሐይቅ ናይል ፐርች አለ፤ በጣና የለም። ወንበሩ ባዶ ስለነበረ ጥርስ አልባዎቹ ተቀመጡበት።

የሳይንስ ስሞቻቸውን ብትተረጉሟቸው የአዳኝ መሣሪያ ዝርዝር ይሆኑላችኋል። አንዱ ማክሮፍታልመስ ይባላል፤ ባለትልቅ ዓይን ማለት ነው። ሌላው ሜጋስቶማ፤ ባለትልቅ አፍ። አኩቲሮስትሪስ፤ ሹል አፍንጫ። ሎንጊሲመስ፤ እጅግ ረጅሙ። አንደኛው ደግሞ ጎርጓሪ ይባላል፤ ስሙን በሰማሁ ቁጥር «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ተረት ትዝ ይለኛል፤ እዚህ ዘንዶው ራሱ ዓሣው ነው። በፊሊፒንስ ላናኦ በሚባል ሐይቅ ውስጥ የዚህ ቤተሰብ ተመሳሳይ ስብስብ ነበር፤ ከውጭ የገቡ ዓሦችና ከልክ ያለፈ ማጥመድ አጠፉት። ዛሬ የቀረው የእኛው ነው።

እነዚህ አዳኞች ጉሮሯቸው ጠባብ ስለሆነ የሚበሉት ከጣት ብዙም የማይበልጡ ትንንሽ ዓሦችን ነው። ትንሽ ነገር ደግሞ በድፍርስ ውሃ ቀድሞ የሚጠፋ ነገር ነው። ጥርስ ስለሌላቸው ነክሰው አንጠልጥለው መያዝ አይችሉም፤ በትክክል አነጣጥረው፣ አፋቸውን ድንገት ከፍተው ከውሃው ጋር መሳብ አለባቸው። አንዲት ጣት ብትስቱ ባዶ ውሃ ነው። አዞ ቢስት ጅራቱን ይነክሳል፤ የእኛ ነጭ ዓሣ ቢስት ራቱ ሄደ። ስለዚህ በዓለም ካሉ አዳኝ ዓሦች ሁሉ መካከል በዓይናቸው አብዝተው የሚተማመኑት እነዚህ መሆን አለባቸው ብዬ አምናለሁ፤ ይህ የእኔ ፍርድ ነው፣ የሚከራከረኝ ካለ ሻይ እየጠጣን እንከራከር።

አምባዛን ተመልከቱት በአንጻሩ። አራት ጥንድ ጢም አለው፤ በጢሙ ይዳስሳል፣ በጢሙ ይቀምሳል። ሌሊት ያድናል። ጭቃ ውስጥ ይተኛል፣ ውሃው ቢታፈን አየር ይስባል። ውሃው ቢደፈርስ አምባዛ ምን ቸገረው? ቆሮሶም ቢሆን ከሩቅ የሚያነጣጥረው ነገር የለውም፤ ዋቅላሚውን እየበላ ይኖራል። ጣና እየደፈረሰ በሄደ ቁጥር በዝምታ የምንመርጠው ማንን እንደሆነ ከዚህ አስቡት።

ድፍርሱ ከየት ይመጣል? ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባውን ውሃ ከ90 በመቶ በላይ ያመጣሉ፤ ክረምት ላይ አፈሩንም ይዘውት ይመጣሉ። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ የተኛውን ደለል መልሶ ያስነሳዋል፤ ስለዚህ በበጋም ያው ነው። ወደ ከተማው በኩል ደግሞ ፍሳሽና ማዳበሪያ የሚያፋፋው አረንጓዴ ዋቅላሚ አለ፤ ያም ውሃውን ያደፈርሳል። ሐይቁ ሲሸሽ ባሕር ሸሹን መሬት እስከ ውሃው ከንፈር ድረስ እናርሳለን። ደንገሉ ይቆረጣል። ደንገል ታንኳ የሚሠራበት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሐይቁ በር ላይ የቆመ ወንፊት ነበር፤ ጎርፉ በመሐሉ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይበርድና ደለሉን እዚያው ይጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እምቦጭ ደንገሉን የተካ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ሥሩን በውሃው ላይ አንሳፍፎ የሚሄድ ነው፣ ከሥሩ ያለውን ውሃ ጨለማ ያደርገዋል፣ አየሩንም ያሳጣዋል።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄዎች መጡ። አንዲት ተማሪ «ታዲያ ሐይቁን ጨርሰን ብናጠራው ነው የሚሻለው?» አለችኝ። አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ዎልአይ የሚባል አዳኝ ዓሣ አለ፤ ዓይኑ እንደ ድመት ዓይን በጨለማ ያበራል፣ ከብሌኑ በስተጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው። እሱ የሚመቸው ክዳኑ በሁለት ሜትር ገደማ ሲጠፋ ነው። ከዚያ ሲጠራ ብርሃኑ ይበዛበትና ወደ ጥልቁ ይሸሻል። ሁሉም አዳኝ የለመደው ብርሃን አለው። የጣና ነጭ ዓሦችም በታንጋኒካ ብርሃን አላደጉም፤ በዚህችው ደብዛዛ ሐይቅ ውስጥ ነው ዓይናቸው የተሠራው። ችግሩ ደብዛዛ መሆኑ ሳይሆን ከለመዱት አልፎ መሄዱ ነው።

አንድ አጥማጅ ደግሞ ፈገግ ሳይል «ነጩ ዓሣ የጠፋው በደለል ነው ወይስ በእኛ መረብ?» አለ። ይህን ጥያቄ ማድበስበስ አልፈለግሁም። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና ረጅም መረብ ሲገቡ ለገበያ የሚደረገው ማጥመድ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣው ምርት ሦስት አራተኛው ጠፋ። ደለል እንዲህ በአሥር ዓመት አይገድልም፤ መረብ ይገድላል። በተለይ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ዓሦቹ እንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ሲሰለፉ አፉ ላይ የሚጣለው መረብ። ከስምንቱ አዳኞች ብዙዎቹ የሚጥሉት በወንዝ ውስጥ ነው፤ የሚፈልጉትም ጠጠር ያለበት፣ የጠራና ፈጥኖ የሚወርድ ውሃ ነው። ደለሉ እዚያም ያገኛቸዋል፤ ጠጠሩን ሸፍኖ እንቁላሉን ያፍነዋል። መረቡ እናትየውን ሲወስድ ደለሉ ልጁን ይወስዳል። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፤ ተቀምጦም ከጎኑ ካለው ጋር ለረጅም ጊዜ ሲያወራ አየሁት።

መጨረሻ ላይ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «ልጄ፣ የድስት ክዳኑ ይቆይና፣ እኛ ውሃው ምን ያህል እንደሚያሳይ የምናውቀው በቀርከሃው ነው» አሉ። ታንኳቸውን የሚቀዝፉበትን ቀርከሃ በቁሙ ውሃው ውስጥ ይሰዱታል፤ ስንት አንጓ እንደሚታያቸው ይቆጥራሉ። አባታቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አብረን ወጣን፤ እሳቸው በታንኳቸው፣ እኔ በጀልባ። ነፋስ አልነበረም። እሳቸው ቀርከሃውን ሰደዱ፣ እኔ ክዳኑን አወረድሁ። የእኔ በ70 ሳንቲሜትር ጠፋ። እሳቸው «ሁለት አንጓና ትንሽ» አሉ። ቀርከሃውን ተቀብዬ በሜትር ለካሁት፤ ሦስት ሳንቲሜትር ነው የተለያየነው። ከዚያ ክዳኑን ከእጄ ተቀብለው አገላበጡት፤ ነጩ ቀለም ከጠርዙ መላጥ ጀምሮ ነበር።

«የእኔ አይላጥም» አሉኝ፤ ቀርከሃቸውን ተቀብለውም ወደ መረባቸው ቀዘፉ።